የሪዶቶ በር የተዘጋ ዕለት

ዛካሪያ ቬሪን ጥቁር የሐር ካባውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ጫማውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ፣ የሳን ባርናባን አደባባይ ያጥለቀለቀውን ውሃ በባዶ እግሩ እየረገጠ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ይጣደፋል። የታላቁ ምክር ቤት ደወል ከሩቅ ይጣራል። ኅዳር በገባ ቁጥር ባሕሩ ሳይጠራ እንደሚመጣ ዘመድ በየደጃፉ ይገባል፤ የቬኔሲያ ሰውም እንደ ዘመድ ችሎት ይኖራል።

“ጌታ ዛካሪያ፣ ካባዎን ከፍ ያድርጉት እንጂ። ጨው የነካው ሐር ታጥቦ አይጠራም፤ ሌላ ደግሞ የለዎትም።”

ቀና ሳይል አወቃት። ከእሱ ክፍል በላይ ካለው ፎቅ በመስኮት ብቅ ያለችው መበለቷ ሉግሬሲያ ናት።

“ከዚህ በላይ ከፍ ካደረግሁትማ እሜቴ፣ ሰፈሩ የማያውቀውን ሁሉ ሊያውቅ ነው” አለ።

“ሰፈሩ ምን የማያውቀው አለ? የካልሲዎን ቀዳዳ ቄሱ ሳይቀሩ ያውቁታል። ይልቅ ቃልዎን እንዳይረሱ።”

“አልረሳሁም።”

“በነጩ በኩል ነው። ነጩ ይዘጋ ማለት ነው።”

“ይሄን ሁሉ ዘመን ድምፅ ስሰጥ ኖሬ ዛሬ ነጭና አረንጓዴ ሊያስተምሩኝ ነው?”

“ወንድ ልጅ ደጋግመው ካልነገሩት የሰማ ይመስለዋል” ብላ ሳቀች። ስትስቅ ከፊት ጥርሶቿ የአንዱ ጫፍ ተሸርፎ ይታያል። የገና ለውዝ ነው የሸረፈኝ ትላለች፤ ለውዙ ግን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ የሚጨምርባት ይመስላል።

የሉግሬሲያ አፍ ከንጋት ጸሎት እስከ ማታ ደወል አይገጥምም። ዛካሪያ ከሥራ በመሸ ሰዓት ሲመለስ እንኳ መስኮቷ ብርሃን አለው። “ኮቴዎ ነው የሚቀሰቅሰኝ፤ የሰው ልጅ እንደ በቅሎ ይረግጣል?” ብላ ትቆጣዋለች። እሱም ይቅርታ ይጠይቃል። ባለፈው ክረምት ግን፣ ትኩሳት አልጋ ላይ ጥሎት ዘመድ ወዳጅ በራቀው ጊዜ፣ ይህችው ሴት ናት ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀምጣ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰች ያዳነችው። ለዚያ ውለታ አንዳች ጠይቃው አታውቅም። የጠየቀችው ባለፈው ሐሙስ ነው፤ እሱ የሚሠራበትን ሪዶቶን ለመዝጋት ምክር ቤቱ ድምፅ ሊሰጥ ነው የሚለው ወሬ ሰፈር የደረሰ ዕለት። “ይዘጋ ብለው ይጣሉልኝ። በእናትዎ ነፍስ ይማሉልኝ” አለችው። እሱም ማለ። መሐላው ቀለለው፤ ምክንያቱም ሪዶቶ እንደማይዘጋ እርግጠኛ ነበር። ምንም የማያስከፍል ቃል መስጠት ደስ ይላል።

ሁለቱም የሚኖሩት መንግሥት ለደኸዩ ባላባቶች በነጻ በሰጠው ቤት ነው። ስማቸው በባላባቶች የወርቅ መዝገብ፣ ምሳቸው በጎረቤት ድስት የሆነ ሰዎች ሰፈር ነበር ሳን ባርናባ። ሐር እንዲለብሱ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ሐሩን በምን እንደሚገዙት ግን ሕጉ አልነገራቸውም። ንግድ ነውር ነው፣ የእጅ ሥራም ነውር ነው። የቀረላቸው አንድ ሥራ ቢኖር ሪዶቶ ውስጥ ካርታ ማደል ነበር።

ሪዶቶ በሳን ሞይዜ አጠገብ ያለ፣ መንግሥት ራሱ የፈቀደው ትልቅ ቁማር ቤት ነው። ደንቡ ቁርጥ ያለ ነበር። ለመጫወት የሚመጣ ሁሉ፣ የባዕድ አገር ልዑልም ይሁን ዓሣ ሻጭ፣ ጭንብል ያጠልቃል፤ ጭንብል ያጠለቀውም ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ “እሜቴ ጭንብል” ተብሎ ይጠራል። ካርታ የሚያድለው ግን ባላባት መሆን አለበት፤ ካባና ረጅም ዊግ ለብሶ፣ ፊቱን ገልጦ ይቀመጣል። በጠረጴዛው ላይ የተከመረው ወርቅ የሌሎች፣ እዚያ ብቅ የማይሉ የባለጸጎች ማኅበር ነው፤ ትርፉም ኪሳራውም የእነሱ። ዛካሪያ የሚያከራየው ፊቱን ነበር። ቢያሸንፍ የማይስቅ፣ ቢሸነፍ የማይጠቁር ፊት፤ በዚያ ላይ ከአያት ቅድመ አያት የወረሰው የቬሪን አፍንጫ። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ፊት አልነበረም።

የሚያድለው ፋራኦን የሚባለውን ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ የመረጣትን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ገንዘብ ያስይዝባታል። ዛካሪያ ከበወዘው ክምር ሁለት ሁለት ካርታ ያወጣል፤ በግራ የወደቀው ለቤቱ፣ በቀኝ የወደቀው ለተጫዋቹ። ያሸነፈ ሰው ገንዘቡን ማንሳት ካልፈለገ አይናገርም፤ የካርታውን ማዕዘን ያጥፋል። የታጠፈ ማዕዘን “ያገኘሁት እዚያው ይቀመጥ፤ ልቀጥል” ማለት ነው። በዚያ ቤት ጮክ ብሎ መናገር አልተለመደም። ሰው በአንዲት ቅጽበት ርስቱን ያጣል፣ ይነሳል፣ እጅ ይነሳል፣ ከዚያ ለተሸናፊዎች ወደተለየችው ትንሽ ክፍል ገብቶ እህህ ይላል። የእህህታ ክፍል ይሏት ነበር።

ከሚመጡት ጭንብሎች ሁሉ ዛካሪያ የሚጠብቀው አንዷን ነው። ሞሬታ ነበር የምታጠልቀው። ሞሬታ ክብ፣ ጥቁር፣ የሴት ጭንብል ነው፤ ማሰሪያ የለውም። ከውስጥ በኩል እንደ ልብስ ቁልፍ ያለች ነገር አለችው፤ ያጠለቀችው ሴት እሷን ነክሳ ትይዘዋለች፤ አፏን ከከፈተች ይወድቃል። ወጣቶቹ ሞሬታን የአክስቶቻችን ነው ብለው ከተዉት ቆይተዋል። ይህች ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንኑ አጥልቃ፣ እዚያው በቀኙ ካለችው በርጩማ ላይ እየተቀመጠች፣ ሰባት ቁጥርን ብቻ ትጫወት ነበር። የምታስይዘው ትንሽ ነው። ስታሸንፍ ማዕዘኑን በአውራ ጣቷ አጥፋ፣ በጣቷ አንጓ ሁለቴ ቆርቆር ታደርገዋለች። እሱም “እንደ ፈቀዱ፣ እሜቴ ጭንብል” ይላል። በመካከላቸው የነበረው ንግግር ይኸው ነበር። ሰው ከሚስቱ ጋር ከዚህ ባነሰ ቃል ተግባብቶ ይኖራል ብሎ ዛካሪያ ራሱን ያጽናናል፤ ሚስት ግን አግብቶ አያውቅም። ስሟን አያውቅም፣ ድምፅዋን ሰምቶ አያውቅም፤ ትወደኛለች ብሎ አያስብም። እሱ ግን ይወዳት ነበር።

ጀልባው ላይ አንዞሎ ጠበቀው። አንዞሎም የሰፈሩ ባላባት ነው፤ ሪዶቶ ውስጥ ቢሪቢ ያጫውታል፤ ሥዕል በተሣለበት ሰሌዳ ላይ ገንዘብ ይያዝና ከከረጢት ዕጣ ይወጣል።

“የራሱን ኪስ በመቀስ የሚቀድ መንግሥት አይተህ ታውቃለህ?” አለ አንዞሎ።

“አላየሁም።”

“በቃ። ዛሬ ቢበዛ ሦስት ሽማግሌ ስለ ምግባር ይሰብኩልናል፣ እንተኛለን፣ ማታ ሥራችን ላይ ነን።”

ምክር ቤት ውስጥ እንዳለው ሆነ፤ ስብከት ነበር። አንዱ አረጋዊ ተነሥተው ስለ ሪዶቶ ሲናገሩ፣ ልጆቻችንን የዋጠ ዓሣ ነባሪ ነው አሉ። ባላባቶቹ በረጃጅሙ አግዳሚ ላይ ተደርድረው፣ እርጥብ ካልሲያቸውን ከካባቸው ሥር ደብቀው፣ አንገታቸውን በአክብሮት ነቀነቁ። ግማሾቹ የተናጋሪውን ልጅ ትናንት ማታ ሪዶቶ ውስጥ አይተውት ነበር።

ከዚያ የድምፅ መስጫ ሣጥኖቹ በየረድፉ ይዞሩ ጀመር። ሣጥኑ ሁለት ሆድ አለው፤ በስተነጩ “ይሁን”፣ በስተአረንጓዴው “አይሁን”። እጅ እስከ አንጓው ስለሚገባ የት እንደጣልክ ማንም አያይም። ለድምፅ የሚጣሉት ትናንሽ ኳሶችም የጨርቅ ናቸው፤ ሲወድቁ ድምፅ እንዳይሰማ አባቶች አስበውበታል።

ተራው ደርሶ ዛካሪያ እጁን ሲያስገባ፣ የጠረጴዛው አረንጓዴ ልባስ ታየው፤ በላዩም ሰባት ቁጥር። ሪዶቶ ቢዘጋ ያቺን ሴት የት ያገኛታል? እሷ ፊቱን ታውቀዋለች፤ የትም ገበያ ብታየው ትለየዋለች። እሱ ግን አጠገቡ ብትቆምም አያውቃትም። ጣቶቹ ወደ አረንጓዴው ሸርተት አሉ። ሾርባውም ትዝ አለው፤ ማንኪያው፣ የእናቱ ነፍስ፣ መሐላው። ‘ሺህ ሰው አረንጓዴው ላይ ይጥል የለ? የኔ አንድ ኳስ ምን ታመጣለች’ አለ በልቡ። ኳሱን በነጩ ጣለ። እንደተባለውም ምንም ድምፅ አልሰማም።

ተቆጠረ። ውጤቱም ተነበበ። ነጩ አረንጓዴውን በብዙ እጥፍ በልጦታል። ሪዶቶ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ፣ ለዘለዓለም፣ ተዘጋ።

አንዞሎ ቀስ ብሎ ወደ እሱ ዞረ። “አንተ፣ የት ላይ ነው የጣልከው?”

“ነጩ ላይ።”

“አብደሃል እንዴ? እኔኮ አንተን ተማምኜ ነው ነጩ ላይ የጣልኩት። ንስሐ አባቴ አስምለውኝ።”

“እኔስ ማንን ተማምኜ ይመስልሃል?”

ከፊታቸው የተቀመጠው ወፍራም ሰውዬ ሳይዞር፣ “እኔ ለሚስቴ ቃል ገብቼ” አለ። ከጎኑ ያለው ደግሞ፣ “እኔ ዝም ብዬ አንድ ቀን እንኳ ጻድቅ ልሁን ብዬ” አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እያንዳንዱ ጽድቁን ለራሱ፣ ኃጢአቱን ለጎረቤቱ ትቶ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የዚያን ቀን የታሰረው በየግንቡ የተቀረጸው የቬኔሲያ ዓርማ፣ ባለ ክንፉ አንበሳ ነው፤ አሳሪዎቹም እነማን እንደሆኑ በቀኝና በግራቸው ተያዩ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ዛካሪያ ሳን ሞይዜ ደረሰ። የሪዶቶ ደጃፍ ላይ ወሬ ያልደረሳቸው ጭንብሎች ተሰብስበው በሩን ያያሉ። አሮጌው በረኛ ቶፎሎ ቁልፎቹን ታቅፎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

“ክቡርነትዎም ነጩ ላይ ጣሉ አሉ?” አለው።

“ጣልኩ ቶፎሎ።”

“እግዜር ይስጥዎ። እኔ ድምፅ የለኝም፤ ድምፅ ቢኖረኝ እኔ እንኳ ለሞኝነት ከዚህ ያነሰ ቦታ እፈልግለት ነበር።” ይህን ብሎ ተነሣና፣ ለዛካሪያ ብቻ በሩን ገርበብ አደረገለት። “ዊግዎን ይውሰዱ። ቶሎ ይበሉ፣ የመንግሥት ሰዎች ሊያሽጉት እየመጡ ነው።”

ትልቁ አዳራሽ በቀን ብርሃን እንዲህ ያረጀ መሆኑን ዛካሪያ አያውቅም ነበር። የግድግዳው ወርቅ ተላልጧል፤ መስተዋቶቹ የሻማ ጢስ ጠጥተዋል። ቢሆንም ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቸኮላታው የሚሸጥበትን ክፍል፣ አይብና ማልቫዚያ ወይን የሚሸጥበትን ክፍል፣ የእህህታን ክፍል ሁሉ ዞረ። ዕድሜው እዚህ ነው ያለቀው፤ ዕድሜዬ በከንቱ አለቀ ብሎ ግን አልተሰማውም። ይልቅስ የሰም ሽታውን፣ የሺህ ሰው ዝምታውን፣ ካርታ ሲገለጥ ሁሉም በአንድነት ትንፋሹን የሚይዝባትን ያቺን ቅጽበት፣ ከወዲሁ ናፈቀው።

በደንቡ ያገለገለ ካርታ ወለል ላይ ይጣላል እንጂ ዳግም አይታደልም። የትናንቱ ገና አልተጠረገም። በርጩማዋ ሥር ጎንበስ ብሎ ሲያይ ሰባት ቁጥር አገኘ፤ አንዱ ማዕዘን ታጥፏል። ትዝ አለው። ትናንት በመጨረሻ አሸንፋ ማዕዘኑን አጥፋ፣ ሁለቴ ቆርቆር አድርጋ ነበር፤ ቀጣዩ ካርታ ሳይወጣ የመዝጊያው ደወል ተደወለ። ገንዘቧን ተቀብላ፣ እጅ ነስታ ሄደች። ጨዋታው ለዛሬ የተቀጠረ መስሎት ነበር።

ካርታውን እጅጌው ውስጥ ከቶ ወጣ። ደጃፉ ላይ የነበሩትን ጭንብሎች አንድ በአንድ አያቸው። ሞሬታ ያጠለቀች የለችም። የመንግሥት ሰዎች መጥተው በሩን አሽገው እስኪሄዱ፣ ጭንብሎቹም ተበትነው እስኪያልቁ ቆመ። አልመጣችም።

በማግስቱ ጠዋት ውሃው ጎድሎ፣ ግቢው የባሕር ሣርና ጭቃ ብቻ ቀርቶበት ነበር። ዛካሪያ ትናንት የለበሰውን ካባ እንደለበሰ የውሃ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል። ሉግሬሲያ ባልዲ ይዛ ወረደች። የካባው ጫፍ ጨው ነክሶት አየች፤ ምንም አላለችም። ይህ ራሱ ያልተለመደ ነገር ነበር።

“ይኸው” አለ ዛካሪያ፣ “ቃሌን ጠበቅሁ። ደስ አለዎት?”

“እግዚአብሔር ይስጥልኝ” አለች ዝግ ባለ ድምፅ።

“እኔን ግን ደስ አላለኝም። እውነቱን ልንገርዎት፣ እሜቴ ሉግሬሲያ። ለሾርባዎ ስል ሰው አጣሁ።”

“ማንን?”

“እኔ እንጃ። ማን እንደሆነች አላውቅም፤ የከፋኝም እሱ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አጠገቤ ስትቀመጥ አንድ ቃል አልተናገረችም። ቀን ቀን እርስዎ ሲገሥጹኝ እውላለሁ፣ ማታ ማታ እሷ ዝም ስትለኝ አመሻለሁ፤ በሁለቱ መካከል ሰው ሆኜ ኖርኩ። አሁን የት ብዬ ልፈልጋት? ፊቷን አላውቀው። በመንገድ ላይ ገፍቻት ባልፍ እንኳ ይቅርታ አልላትም።” ካርታውን ከእጅጌው አወጣ። “የቀረኝ ይኸው ነው።”

ሉግሬሲያ ባልዲዋን መሬት አስቀመጠች። ካርታውን ከእጁ ወስዳ ብዙ አየችው። ከዚያ የታጠፈውን ማዕዘን በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ዘረጋችው። የተዘረጋ ማዕዘን ምን ማለት እንደሆነ ዛካሪያ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ይበቃኛል፣ ልሂድ ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ሳይገባው ልቡ ፈራ።

እጇ ለአፍታ ቆመ። ከዚያም ማዕዘኑን መልሳ አጠፈችው፤ በጣቷ አንጓም ሁለቴ ቆርቆር አደረገችው።

ዛካሪያ ተነሣ። ከእጇ ላይ ዓይኑን ማንሳት አቃተው፤ በመጨረሻ ቀና ሲል ያቺን የተሸረፈች ጥርስ አየ።

“ለውዝ ነው ብለውኝ ነበር” አለ።

ሉግሬሲያ ከንፈሯን ገጥማ፣ እዚያች በርጩማ ላይ እንደምትቀመጠው ቀጥ ብላ ቆማለች።

“እሜቴ ጭንብል” አለ። “አፍዎን ይክፈቱት። ከእንግዲህ የሚወድቅ ነገር የለም።”

“ስንቴ ማልኩ መሰለዎት” አለች። “በየፋሲካው እምላለሁ፣ በየገናው እምላለሁ። እርስዎ ደረጃውን ሲወርዱ ኮቴዎን እሰማና፣ ዛሬስ አልሄድም እላለሁ፤ ሻማ ሳይጋመስ እግሬ ጉድ ያደርገኛል። ስመለስ ደግሞ እርስዎ እንዳይቀድሙኝ እሮጣለሁ፣ በዚህ ጉልበቴ። ያ በር ክፍት እስከሆነ ድረስ አልቀርም ነበር። እኔ መዝጋት ቢያቅተኝ እርስዎን አስዘጋሁ።”

“እኔን ማጣትዎን አላሰቡትም?”

“እርስዎን በምን አጣለሁ? ፎቅና ምድር ነን እኮ። የሚያጡኝ እርስዎ ነበሩ፤ እሱን ትናንት ማታ ተኝቼ ነው ያሰብኩት።”

ዛካሪያ መሬት መሬት አየ። ሊጠይቅ የፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ፊቱ ግን የሠለጠነ ስለነበር ፍርሃቱ አልታየበትም።

“ይሄን ሁሉ ዘመን የሚመጡት ለካርታው ነበር?”

“መጀመሪያ ለካርታው ነበር” አለች ሉግሬሲያ።

ከዚያ አንገቷን አዙራ ባልዲዋን ልታነሳ ስትል ቀደማትና ውሃውን ቀዳላት። ሰባት ቁጥሩን እንደታጠፈ እጅጌው ውስጥ መልሶ፣ ባልዲውን ይዞ ከኋላዋ ተከተለ። በደረጃው ሁሉ ስለ ካባው ጨው፣ ስለ ኮቴው፣ ቁርስ ስላለመብላቱ ስታወራ ወጣች፤ እሱም አንዲት ቃል ሳያመልጠው ሰማት።